ጠበቃ ይቁሙልኝ፣ ጋሼ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ ሐሙሲት

ጋሼ፣ እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ግን ቤት ዘግቼ ተቀምጬ ነው፤ ውጭው 44 ዲግሪ ነው። ይቺን ቁጥር ለእናቴ እንዳያነቡላት አደራ። ሌላውን ጮክ ብለው ቢያነቡት ግድ የለኝም፤ እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ያስሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽቼ ወደ ሞቃት አገር መዛወሬን ስነግራት እናቴ እልል አለች። ቦታው ከባሕር የራቀ በረሃ መሆኑን ስትሰማ ግን እልልታው ቆመ። «ባሕር ያለበት ከተማ ሞልቶ ሳለ ምን ቢያዞርብህ ነው ከበረሃ የገባኸው?» አለችኝ። ጎረቤቱም ቡና ላይ ተሰብስቦ ለእርሷ ፈረደ። እኔ በበኩሌ አልቀየምም። ሐሙሲት ላይ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ሚኒባስ ይሳፈራሉ፣ ባሕር ዳር ወርደው ዓሣ ይበላሉ፣ ዘንባባ ሥር ነፋስ ይቀበላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ጨው ያለበትን ባሕር፣ ላብ የማይደርቅበትን ዳርቻ ከቤተሰቡ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የምለምንዎትም ጠበቃ እንዲቆሙልኝ ነው።

እርስዎ ሁለቱንም ቆላ፣ ደረቁንም እርጥቡንም፣ ቀምሰዋል። በጉብዝናዎ ሁመራ ወርደው ሰሊጥ አጭደዋል። ኋላም በዚያ በኤን ትሬ ፊያት ከወረታ ተነሥተው፣ ቻይና በሠራው መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ጋይንትን፣ ወልድያን አልፈው፣ በባቲ ወደ ሚሌ ወርደው እስከ አሰብ ተመላልሰዋል፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። «ሚሌ ላይ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ስናንጠለጥለው ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አሰብ ስንደርስ ግን ጆንያው እንደረጠበ ውሃው ለብ እንዳለ ያድራል» ይሉን ነበር። ከተማ የመረጥሁት በዚያ ጀሪካን ነው። ደረቅ አየር ከጆንያው ላይ ውሃውን እየመጠጠ ሲሄድ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል፤ የባሕር ዳርቻ አየር ግን እርጥበት ጠግቦ ስለተቀመጠ መምጠጫ ሆድ የለውም። ሰውም ያው ጀሪካን ነው፤ ጆንያው ላቡ ነው።

አሜሪካኖች ይህንኑ የእርስዎን ጆንያ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከትተው፣ ማራገቢያ ገጥመውለት «ስዋምፕ ኩለር» ብለው ይሸጡታል። በደረቁ ምዕራብ ይሠራል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን ዕዳ ነው። ፈልሳፊው እኔ ነኝ ብለው ቢከሱ እመሰክርልዎ ነበር።

ስለ ሚኒሶታ ብዙ አልጽፍም። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገብታ ነበር፤ ጉና ላይ ያደረ እረኛ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሙ አያይም። የእንጀራው ሊጥ ኩፍ አልል ሲለን ምድጃ ውስጥ ከትተን አምፖል አብርተንለት ያድር ነበር። እኛ በጨለማ፣ ሊጡ በመብራት።

መጀመሪያ የታሰበችው ሂውስተን ነበረች። ሐበሻው ብዙ፣ ሥራው ብዙ፤ ቴክሳስም የራሷን የገቢ ግብር አትቆርጥም። ክፉዋን ወር ልያት ብዬ በሐምሌ ሄድሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ መነጽሬን ጉም ሸፈነው። ሙቀቱ 35 ነው፤ ሸሚዜ ግን ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ እስከ ማታ አልላቀቅ አለ። አሰብ ናት፣ ጋሼ፤ ፎቅ የተሠራባት አሰብ። ውጭ የዋለ እንጀራ በማግስቱ ሻጋታ ያወጣል። የተቀበለኝ ወዳጄ እንጀራውን ፍሪጅ ውስጥ ያኖራል፤ ራሱም ከፍሪጁ ብዙ አይርቅም። ከዚያ ደግሞ አውሎ ነፋሱ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሃርቪ የተባለው በአካባቢው አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ዝናብ አውርዷል። አምና ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ ቤሪል መጥቶ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። መብራት መጥፋቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ግን እናንተ ሻማ ፍለጋ ነው የምትሄዱት፣ ወዳጄ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለማቀዝቀዣው ሲል ሞተር አስነሥቶ ዋለ።

ልቤ የከጀላት ሳን ዲዬጎን ነው፤ አልዋሽዎትም። በሐምሌ እንኳ የቀኑ ሙቀት 24 ዲግሪ ግድም ነው። ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት አለ፤ ዳርቻውን ሁሉ ያበርደዋል። በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከባሕር ተነሥቶ ከተማውን ስለሚጋርደው፣ ፀሐይ ፍለጋ የመጣ እንግዳ ሹራብ ገዝቶ ይመለሳል። ዳርቻው ላይ ሰዉ ቆዳው እንዲጠቁርለት አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። እኔ እዚያ ስደርስ ያ ሥራ አስቀድሞ ያለቀልኝ ስለሆነ፣ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ቆሜ አየኋቸው። ኋላ አፍሬ አንድ እግሬን ነከርሁ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ! ዋንዛዬ ፍል ውሃን የለመደ እግር ምን ያድርግ?

ሊጡ ብቻ ቢሆን ወሳኙ ሳን ዲዬጎን የሚያህላት አልነበረም፤ እንደ ሐሙሲት በሦስተኛው ቀን ረጋ ብሎ ይደርሳል። ግን ሊጥ ኪራይ አይከፍልም። የአንድ ክፍል ኪራይ ሲጠሩልኝ ቤቱን የሸጡልኝ መሰለኝ። ከባሕሩ በራቁ ቁጥር ኪራዩ እየወረደ ሙቀቱ እየወጣ ይሄዳል። ኤል ካሆን የምትባል አለች፤ ከዳርቻው በመኪና ግማሽ ሰዓት ግድም ናት፣ በበጋ ግን ሌላ አገር ናት። አቅሙ ያልፈቀደለት ስደተኛ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ኢራቃዊው በብዛት እዚያው ኤል ካሆን ነው። ባሕሩን የሚያየው በበዓል ቀን ነው፤ ያውም መኪና ማቆሚያ ካገኘ። ይህ ማለት፣ ጋሼ፣ የባሕሩን ዋጋ ከፍሎ የቆላውን ፀሐይ መግዛት ነው። ቆላው ካልቀረልኝማ በቆላ ዋጋ ይሁን አልሁ።

ላስ ቬጋስ ሙቀቷን አትደብቅም። አምና ሰኔ 30 ቀን 48.9 ዲግሪ ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ሂውስተን ከመጨለሟ አንድ ቀን በፊት መሆኑ ነው። (እዚህም ላይ ያስሉ።) የመኪና መሪ ባዶ እጅ አያስነካም። እናቴ ለብርዱ የላከችልኝ ጋቢ አሁን መሪው ላይ ተጠምጥሞ ይውላል። አስፋልት ላይ የወደቀ ሰው ቆዳው ተቃጥሎ ሐኪም ቤት ይገባል። ላቡ ግን ሳያዩት ይደርቃል፤ ሸሚዝ ላይ የሚቀረው ጨው ብቻ ነው። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ሰው መድረቁን ሳያውቅ ይደርቃል፣ ስለዚህ ሳይጠማኝ እጠጣለሁ። ሊጡ ማታ ቢቦካ ጠዋት ኮምጥጦ ይጠብቃል፣ ለአብሲት እንኳ ፋታ አይሰጥም። ሻጋታ የሚባል የለም፤ ድርቆሽ ያማረው ሰው ጠዋት በረንዳ ላይ አስጥቶ ከምሳ በፊት ይሰበስባል።

አሁን የምነግርዎትን ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ያንብቡት። እዚህ የውሃ ባለሥልጣኑ ሣር ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይከፍላል! የከተማው ዝናብ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ደብረ ታቦር በሐምሌ ብቻ የምታገኘው ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ የሚመጣው ሁቨር ግድብ ካቆመው ከሚድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ2022 እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ያህል ጎድሎ፣ ድሮ የሰመጡ ጀልባዎች ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ስለዚህ ለዓይን ብቻ የሚሆን፣ ማንም የማይረግጠው ሣር ከመንገድ ዳርና ከድርጅት ግቢ እስከ 2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንዲጠፋ በ2021 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ። ይህን ለፎገራ ከብት አርቢ እንዴት እንደሚያስረዱት እርስዎ ይወቁ። እናንተ እምቦጭ ንቀሉ ተብላችሁ ወደ ጣና በዘመቻ ትወጣላችሁ፣ እኛ ሣር እንነቅላለን፤ ሁለቱም ለውሃው ሲባል ነው። እዚህ ግን ነቃዩ ይከፈለዋል።

እናቴ ከሙቀቱ ይልቅ የምትፈራው ቁማሩን መሆኑን አውቃለሁ። የቁማር ማሽኑ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥም፣ ወተት የምንገዛበት ሱቅ ውስጥም ቆሟል። እኔ ግን ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ሥራዬ ቁማርተኛውን ማመላለስ ነው። ሲሄድ ያወራል፣ ሲመለስ ዝም ይላል። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው የንስሐ አባት ምክር አያስፈልገውም። ሐበሻውም ሞልቷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ካውንቲው አንዱን ሠፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞልናል። ሎስ አንጀለስ ያንን ያደረገችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነበር። ቡሄን ሙልሙል ጋግረን እናከብራለን፤ ችቦውን ግን በዚህ ሙቀት የናፈቀ የለም።

እንግዲህ እናቴን ሲያስረዷት ከጀሪካኑ ይጀምሩ። ሂውስተንን ካነሣች አሰብን ይንገሯት። ሳን ዲዬጎን ካነሣች ብዙ አይድከሙ፤ የወሩን ኪራይ በብር መንዝረው ይቁጠሩላት፣ «በረሃው ይሻለዋል» የምትለው እርሷው ራሷ ናት። ቡና ላይ የፈረዱትም ያንን ቁጥር ይስሙ።

ቪዛው ከተሳካልዎት ደግሞ በሐምሌ ሳይሆን በጥር ይምጡ። በጥር ቀኑ 15 ዲግሪ ግድም ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢው ከመሪው ወርዶ ለእርስዎ ይሆናል። ባሕር ካማረዎትም ሳን ዲዬጎ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ናት፣ ለአሰብ መንገድ ሾፌር ምኗም አይደል። ሌሊት ተነሥተን እንሄዳለን፣ ዓሣችንን በልተን ባሕሩን እናያለን፣ ኪራይ ሳንከፍል ማታ እንመለሳለን። መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ፍሬን ያዝ፣ ማርሽ ቀንስ እያሉ እንደሚጮሁብኝ ከወዲሁ አውቃለሁ።

አክባሪዎ
የእህትዎ ልጅ