ሞተርን ከመሪ ጋር እንዳይላቀቅ አድርጎ የማሰር ዘዴ

ባለ ሸራ ጀልባውን ከወደብ ግንብ ጋር ለማላተም የቆረጠ ሰው መነሻው መልካም ሐሳብ ሊሆን ይችላል። መሪ የሚታዘዘው ውሃ ሲያልፍበት ነው፤ ጀልባዋ ወደ ማቆሚያው ስትቃረብና ፍጥነቷ ሲወርድ ጉልበት ያጣል። ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ግን ውሃውን ራሱ ስለሚገፋ፣ ጀልባዋ ቆማም ቢሆን ወደፈለጉት ያዞራታል። ስለዚህ ሁለቱን በዘንግ አገናኝቶ በአንድ እጅ መምራት ተገቢ ነው። መልካሙን ሐሳብ ወደ አደጋ ለመለወጥ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ ግንኙነቱን የማይላቀቅ ማድረግ። የዘንጉን ጫፎች መበየድ፣ ካልሆነም ያለ መፍቻ በማይፈታ ቡሎን ጥርቅም አድርጎ ማሰር።

ቀጥሎ መለካትን መተው ነው። መሪውና ሞተሩ የሚዞሩት በየራሳቸው ምሰሶ ነው። ዘንጉ በመሪው እጀታ ላይ ከምሰሶው 40 ሳንቲሜትር ርቆ፣ በሞተሩ ላይ ግን 20 ሳንቲሜትር ብቻ ርቆ ከተያዘ፣ መሪው 10 ዲግሪ ሲዞር ሞተሩ 20 ያህል ይዞራል፤ መሪው 20 ሲደርስ ሞተሩ ከ40 ያልፋል። ሞተሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲቆም እጀታውን መግፋት የቀጠለ ሰው የሞተሩን ማንጠልጠያ ያጣምማል። ሞተሩ ከመሪው ጎን የተሰቀለ ከሆነ ደግሞ የፕሮፔለሩ ምላጭ የመሪውን ጠርዝ ሊከትፍ ይችላል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ በእጅ ማዞር ይበቃል፤ ጥፋት ፈላጊ መዝለል ያለበት ይህችን ፍተሻ ነው። ወደ ኋላ ሲነዱ የሚሆነው ከሁሉ ይብሳል። ውሃው መሪውን ከኋላ ጠርዙ ገብቶ ይመታውና እጀታውን ከእጅ ይነጥቃል፤ የታሰረው ሞተርም አብሮ ዞሮ የጀልባዋን ኋላ ወዳልታሰበበት ይገፋል።

በካሊፎርኒያ የተሠራችው ማክግሪጎር 26ኤክስ ሞተሯና መሪዎቿ ተያይዘው የሚሠሩ ናት የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን እሷ ሞተሩን መሃል፣ ሁለት መሪዎችን ግራና ቀኝ አድርጋ ከመነሻው ለዚሁ የተነደፈች ናት። በሞተር ሲፈጥኑም መሪዎቿ ከውሃ ይነሣሉ። በሸራ ለመሄድ ሞተሩን ከውሃ ላነሣ ሰው ግንኙነቱን መፍታት ይሻለዋል፤ አለበለዚያ እጀታውን በነቀነቀ ቁጥር የሞተሩን ክብደት ይጎትታል፣ ነፋስ በመሪው በኩል ለእጅ የሚነግረውም ይጠፋል።

ዘንጉ በብየዳ ፈንታ በእጅ በሚነቀል ፒን ቢያያዝ ፒኑ ሊወድቅ ይችላል የሚለው ስጋት ከማክግሪጎሩ ክርክር ይከብዳል፤ መልሱ ፒኑን በገመድ ማሰርና ጫፉን በመቆንጠጫ መቆለፍ ነው። ይህም ተደርጎ ቢወድቅ እንኳ መሪው በእጀታው፣ ሞተሩም በራሱ መያዣ ይዞራል። የተበየደው ዘንግ ሲነክስ ግን ሁለቱም አብረው ይደርቃሉ፤ ግንቡ ሁለት ሜትር ሲቀረው መፍቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይደርስም።