ዕቁቡ በየትኛው መስመር ይግባ?

ለንደን ውስጥ ለአዲስ መጤ ዘመድ ስልክ ማውጣት የአጎት ሥራ ነው። ልጁ ይመጣል፤ ደሞዝ ገና የለው፣ በስሙ የሚመጣ የመብራት ቢል የለው፣ ክሬዲት የሚሉት ታሪክ የለው። የስልክ ሱቁ ስሙን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባና አይሆንም ይለዋል። እናቱ ደግሞ ደሴ ቁጭ ብላ ድምፁን ትጠብቃለች። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ነው፣ ምን ልበል? የ24 ወሩን ውል እኔ ፈረምኩ፣ ቀፎውን እሱ ያዘ። ነገ ሌላ የእህት ልጅ ቢመጣም እፈርማለሁ፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

ከዚያ ልጁ በርሚንግሃም ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። የመጋዘን ሥራ ነው፤ ሰዓት ሲሰጡት ይልክልኛል፣ ሰዓት ሲቀንሱበት ድምፁ ይጠፋል። በመሃል እናቱ ታመመችና ጠዋት ማታ ይደውል ጀመር። ውሉ ላይ «ያልተገደበ ደቂቃ» የሚለው እዚሁ አገር ውስጥ ለሚደወል ነው፤ በ251 የሚጀምር ቁጥር ለብቻው በደቂቃ ተቆጥሮ ይመጣል። (እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2018 ወዲህ ውል የሚፈርም ሰው ቢሉ ከዚህ አይለፍ ብሎ ጣሪያ ማስደረግ ይችላል፤ ክፍያ የለውም። አንድ አጎት እንኳ ቢያነበው ብዬ ነው እዚህ ላይ የማቆማችሁ።) ቢሉ ሳይከፈል ሲከርም ኩባንያው መስመሩን ዘጋ፣ የቀሩትን ወራት ደምሮ ላከ፣ ቆይቶም ለዕዳ ሰብሳቢ አስተላለፈው። አንድ ሺህ ፓውንድ። ዕዳ ከሜዳ።

እሱ ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። የክሬዲት ካርዱ 2,200 አለ። ዕቁቡም አለ፤ ዕጣው ቀድሞ ስለወጣልኝ ገንዘቡን ተቀብዬ ለእህቴ ሕክምና ልኬዋለሁ፣ ገና 800 ፓውንድ መጣል ይቀረኛል። ሲደመር 4,000።

መፍትሔውን የነገረኝ አብሮኝ ሌሊት የሚሠራ ጋናዊ ነው። የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ ይባላል። ነገሩ ዕቁብ ተገልብጦ ማለት ነው፦ በየወሩ የምትችለውን አንድ ገንዘብ ዕቅዱን ለሚይዝልህ ድርጅት ትጥላለህ፣ ዕጣው ግን በየወሩ ለሁሉም አበዳሪዎችህ ይወጣል፤ ብዙ ያበደረህ ብዙ፣ ጥቂት ያበደረህ ጥቂት ይደርሰዋል። በወር 80 ፓውንድ ብትጥል ከ4,000ው አንድ ሺህ ያለው የስልክ ኩባንያ 20 ያገኛል። ሕግ አይደለም፣ ስምምነት ነው፤ አበዳሪው እምቢ ማለት ይችላል፣ ወለዱንም ሊያቆም ወይም ላያቆም ይችላል፣ ደብዳቤውም ወዲያው ላይቆም ይችላል። ያልተከፈለው ውል ክሬዲትህ ላይ 6 ዓመት ተጽፎ ይቆያል። የቤት ኪራይ፣ ካውንስል ታክስ፣ ጋዝና መብራት ከሁሉ ይቀድማሉ፤ ከእነዚህ ቤት የሚያስለቅቅ፣ ፍርድ ቤት የሚያቆም አለ። የተዘጋ ስልክ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠሩ አሉ፤ ግን ስቴፕቼንጅና ፔይፕላን በነፃ ይሠሩታልና ለዕዳ ማስከፈያ ሌላ ክፍያ የሚከፍል ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል።

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካሪ ጋር በስልክ ተቀጣጠርኩ። እኔ ቤት ሁለት የሌሊት ሠራተኞች ቀን ይተኛሉ። የቀፎዬ ማዳመጫ ተበላሽቶ ስፒከር ላይ ካልሆነ አይሰማም። ስለዚህ ፀጥ ያለ ቤት ፍለጋ በ29 ቁጥር አውቶቡስ አብረውን ዕቁብ የሚጥሉት እትዬ ቤት ሄድኩ፣ ፊንስበሪ ፓርክ። እትዬ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደረስኩና በሩ ሲከፈት የዕጣኑ ጢስ ተቀበለኝ፤ ለካ ዕለቱ ሚካኤል ነው። ዳቦው ተቆርሷል፣ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ለብሷል። ልመለስ ስል ስልኩ ጮኸ። እትዬ ወደ ኮሪደሩ ገፋ አደረጉኝ፣ «እዚያ አውራ፣ ማንም አይሰማህም» ብለው።

አማካሪዋ ደግ ሰው ናት። አማርኛ አስተርጓሚ ላምጣልህ ወይ አለችኝ። ለገንዘብ ነገር በገዛ ቋንቋ ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ። መስመሩ ላይ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን የሚናገር፣ ጉሮሮውን ጠረግ የሚያደርግ አንድ ወንድ መጣ፣ «እርስዎ» እያለ።

ጥያቄው ተጀመረ። ደሞዝ ስንት? ኪራይ ስንት? ለአውቶቡስ? ለፀጉር መቆረጫ? ለጫማ? ለስጦታ? ለጥርስ ሐኪም? ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ እንዲህ መስመር በመስመር አይናዘዝም። እኔ በየካፖርቱ መካከል ቆሜ ቁጥር እጠራለሁ፣ አስተርጓሚው ጮክ አድርጎ ይደግመዋል፣ አማካሪዋ ትጽፋለች። ሳሎን ውስጥ ደግሞ የስኒ ድምፅ ቆሟል። ለፀጉር 5 ፓውንድ ስል «ኧረ ጨምርበት!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። «ለጫማስ ምንም? ክረምቱን በምን ሊወጣ?» አለች ሌላዋ። ፊቴ ጋለ። አሁንም ስጽፈው ይግላል።

ምግብ ላይ ስንደርስ አማካሪዋ ቆመች። አንድ ራስህን ነህ፣ ይህን ያህል ምን ትበላለህ? ለእናቴ በየወሩ የምልከው 60 ፓውንድ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። «ይቀነስ እንግዲህ» አልኩ። ይሄኔ እትዬ ሳሎን ውስጥ እንዳሉ፦ «ለእናቱ የሚልከውን ለምን አይናገርም! ሊተው ነው እንዴ?»

በዚህ ነገር ልቤ ይቃጠላልና ትንሽ ታገሡኝ። ወደ አገር ቤት የሚላከውን ደብቆ የተሞላ ፎርም ወረቀት ላይ ያምራል፤ በወር 140 እከፍላለሁ ይላል። እናት ግን ወረቀት አታነብም። ወሩ ሲደርስ ለእሷ ይላካል፣ ለዕቅዱ ይጎድላል፣ ደጋግሞ ሲጎድል ዕቅዱ ይፈርሳል፣ ደብዳቤው እንደገና ይመጣል። ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚፈርሰው፤ እናቱ ፎርሙ ላይ ስላልነበረች ነው። አማካሪዋ ስትሰማ አልተቆጣችም። ለማን፣ ለምን፣ ስንት ብላ ጠየቀችና በራሱ መስመር ጻፈችው። አበዳሪ ሊጠይቅበት ይችላል፣ ምክንያቱን እናያይዛለን አለች። የሚተርፈኝ 80 ሆነ። ሰማንያ እውነት ነው።

አሁን የምይዘውንም ስልክ ጠየቀችኝ። በወር የሚከፈል ሲም ብቻ ነው። እሱ ዕቅዱ ውስጥ አይገባም፣ ወጪ ላይ ይጻፋል አለች፤ የሚሠራን መስመር ዕዳ ውስጥ ከከተትከው ይዘጋብሃል።

«ሌላ ዕዳ አለ?»

«ዕቁብ» አልኩ፣ «800።»

አስተርጓሚው ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ያን አጠራረግ ሳሎኑ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። «ይሄ ጸሐፊያችን አይደሉም እንዴ!» አሉ እትዬ፣ ኮሪደሩ ድረስ መጥተው፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለውም፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

ጋሼ ሰላምታውን አልመለሱም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ይህን መናገር ግዴታዬ ነው፣ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል አሉ። እኔን ከመጣሁ ጀምሮ «አንተ ልጅ» ብለው የሚጠሩኝ ሰው ናቸው። «እግዚአብሔር ይርዳዎት» ብለው ከመስመሩ ወጡ። አንዲት ወጣት ተተካችና አማካሪዋ ላረጋግጥ ብላ ሁሉንም ከኪራዩ ጀምራ አስደገመችኝ፣ ሳሎኑም ደግሞ ሰማው። በፀጉሩ ላይ በዚህኛው ዙር፣ ከምግቡ ቀንሼ፣ 10 አልኩ።

ዕቁቡስ በየትኛው መስመር ይግባ? ቁጠባ ነው ብላ ልታልፈው ነበር። ገንዘቡን በልቼዋለሁ ስላት ዕዳ ነው አለች፤ እንደ ድርሻው ከ80ው 16 ይደርሰዋል፤ ለወዳጅ ሙሉ፣ ለኩባንያ ጥቂት ከተባለ ሌሎቹ ያኮርፋሉ። ይህን ስትል እትዬ ግድግዳውን ተደገፉ። ዋሴ እሳቸው ናቸዋ።

እሑድ ዕቁቡ ሲሰበሰብ ጋሼ ደብተሩን ከፍተው እንደ ወትሮው ስም ጠሩ፤ ከዓይናቸው ምንም አይነበብም። የሙያ አደራ የጠበቀ ሰው እንዲህ ነው፣ አከበርኳቸው። ስለዚህ ራሴ ተነስቼ ተናገርኩ። ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ፣ ኩባንያ አይራብም፣ ዕቁብተኛ ግን ልጁን ሊድር ነው፣ ዕቁብ ይቀድማል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው ለሁሉም እኩል ካልሆነ ዕቅዱ አይቆምም አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። የፈረዱት ዳኛው አልነበሩም፣ እትዬ ናቸው። «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ዕቁቡን እኔ እጥላለሁ። አሥራ ስድስቷ ለእኔ ትላክልኝ።»

በማግስቱ የአበዳሪውን ስም ለማስቀየር ደወልኩ። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ ተባልኩ፤ በእንግሊዝኛዬ ልሞክር አልኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው የባንክ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ያነብቡልኝ ነበር። ወለዱ ከቆመ 4 ዓመት ከ2 ወር ይፈጃል። ከበርሚንግሃም ያ ልጅ ሰምቶ ኖሮ፣ ሰዓት ባገኘ ወር የስልኩን 20 ፓውንድ ይልክልኛል። እትዬ ደግሞ ገንዘቡ በገባ ቀን ሁሉ «ደርሷል» ብለው ይደውላሉ፤ ጫማ ገዛሁ አልገዛሁም ሳይጠይቁኝ አይዘጉም።