በሰቆጣ የተጎሰመ ነጋሪት

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከደሃና እስከ ዝቋላ፣ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ዳር ያለህ የዋግ ሰው፣ ስለ ፖሊስ አለቃ አሿሿም ይህ አዋጅ ወጥቷል።

አዋጁ የወጣበት ምክንያት አለው። ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የትግራይ ጦርነት በተቀሰቀሰበት ሳምንት፣ አቶ ደመላሽ ገብረ ሚካኤል ከብሔራዊ መረጃና ደኅንነት ተነሥተው የፌደራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራል ሆኑ። የለቀቁትን ወንበር በዚያው ዕለት የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ ተመስገን ጥሩነህ ያዙት። ቀደም ሲል ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ ከፖሊስ ኮሚሽነርነት ወደ ትራንስፖርት፣ ከትራንስፖርት ወደ ውጭ ጉዳይ፣ በ2012 ደግሞ ወደ ኢጋድ ተሻግረዋል። እንግዲህ የፖሊስ አለቃው ወንበር ከዛሬ ጀምሮ መናኸሪያ ተብሎ እንዲጠራ ታውጇል። ተሿሚው ሲገባ የመውጫ ቲኬቱን አብሮ ይቁረጥ።

አንቀጽ አንድ፦ ዝምድና ዋስትና አይሆንም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲነግሥ የትግራዩን ካሣ ምርጫ እኅት አግብቶ ነበር። በ1863 አድዋ አጠገብ ድል የነሳው ግን ያው የሚስቱ ወንድም ነው። ዋግ ይህን አይረሳም፤ አዲስ አበባም ብትሰማ አይጎዳትም።

አንቀጽ ሁለት፦ ታማኝነትም ብቻውን አይበቃም። የንጉሠ ነገሥቱ ፖሊስ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ በታኅሣሥ 1953 ከመፈንቅለ መንግሥቱ ወገን ቆመው ሕይወታቸውን አጥተዋል። ታማኝ ይሾም ለሚሉ ሁሉ ይህ ይነበብላቸው።

አንቀጽ ሦስት፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከኃላፊነቱ ተነሥቷል። ምትክ እስኪሾምለት ድረስ ማንም ሹም በተረቱ እንዳይሠራ፤ የዋግን ማር ለእንኳን ደስ ያለዎት ይዞ የሚመጣ ቢኖር ተሿሚው በገበያ ዋጋ ይግዛው።

አንቀጽ አራት ትንሽ ጠበቅ ይላል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ሲገባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት እስከ 2022 ዓ.ም. ቀን ተቆርጧል። ለመቀንጨር ቀን ከተቆረጠ ለሹመትም ይቆረጥ፦ ተሿሚው ምን ሠርቶ መቼ እንደሚጨርስ በአማርኛም በኽምጣናም ለገበያተኛው ይናገር። ኽምጣናውን ካልቻለ አስተርጓሚ ይቅጠር፤ አበሉን ከኪሱ ይክፈል።

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። ጋዜጣው ሰቆጣ ሳይደርስ ሌላ ሰው ከተሾመ፣ ነጋሪት ጎሳሚው ስሙን ብቻ ቀይሮ እንደገና ይጎስም።