ዓድዋ ያልዘመተ ጠመንጃ

ዓድዋ አልዘመተም የተባለ አሮጌ ጠመንጃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ቆጥ ላይ የተረሳው፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረው ሁሉ፣ ባለቤቱን ከጠየቃችሁት ከምኒልክ ጋር ወርዶ ከምኒልክ ጋር የተመለሰ ነው። አያቶቻችንም በሙሉ ፊት ለፊት የተዋጉ ናቸው። ስንቅ የተሸከመ ወይም በቅሎ የጠበቀ አያት አለኝ የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እኔ ከቤተሰቤ የወረስኩት ጠመንጃ የለም። ይኼ ቆጭቶኝ መሰለኝ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ቨርጂንያ ቁጭ ብዬ አንድ ገዛሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጣ አሮጌ የጦር መሣሪያ አሜሪካ ገበያ ላይ በሽ በሽ ነው። ውጅግራው፣ ቬተርሊው፣ ቤልጅጉ፣ እንግሊዝ ሠራሹ እንደ ሰልባጅ ተከምሮ ይሸጣል። ነገሥታቱ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የገዙት፣ አርበኞቹ ከጠላት እጅ የነጠቁት ብረት፣ ዛሬ ካርድ ያለው ሁሉ ያዘዋል። ሻጩ በስልክ «ረጅሙ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ለዕድሜው ደህና ነው» አለኝ። «ለዕድሜው» የሚል ቃል ያለበትን ምስጋና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ሦስት መቶ ዶላሬን ላክሁ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከሕጉ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንት ዕቃ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ በፖስታ ደጃፍ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ያልፋል፤ ቅጽ ይሞላል፣ የገዢው የኋላ ታሪክም ይጣራል። የእኔው ቀጥታ ወደ ነጋዴው ሱቅ ነው የተላከው። ቅጹን እየሞላሁ ሳስበው፣ ዓድዋ የዘመተ፣ ማለትም ከ1899 በፊት የተሠራ ከሆነ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን አመጣው?

ቤት ሳስገባው ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈችና «ከጋዜጣው እንዳያልፍ» ብላ ወሰን አበጀችለት። እሑድ ስለነበር ቡና ተፈልቷል። ጎረቤታችን ጋሼ አሉ፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሳቅ የሚወዱ፣ ሽንፈት የማይወዱ ሰው ናቸው። አንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛዬም አለ። እሱ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ «ውጅግራ!» ብሎ ፈረደ።

ጋሼ «ዝም በል! ውጅግራ አንድ ተኩሰህ አንድ የምታጎርሰው ነው። ይኼ ካዝና አለው። ምንሽር ነው፤ የዓድዋ ምንሽር» አሉ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ጠመንጃ ሲመረመር የሚጀመረው ከወሬው ሳይሆን ከማኅተሙ ነው። የጠመንጃው ቧንቧ ከኋላ ሲነሳ ጠፍጣፋ ጎኖች አሉት፤ እነሱን በዘይትና በጥርስ ብሩሽ ማሸት ያዝሁ። መጀመሪያ ዘውድ ብቅ አለ። ጋሼ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከሥሩ ግን «ቴርኒ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ወጣ፤ በመካከለኛው ጣሊያን ያለው የመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ ከተማ። ዘውዱም የእነሱ ንጉሥ ዘውድ ሆነ። ቀጥሎ ተራ ቁጥሩ፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ፦ 1917።

ነገሩ ለየለት። ካርካኖ የሚባለው ነው፤ የጣሊያን ጦር «ሞዴል 1891» ብሎ የተቀበለው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው ረጅሙ ዓይነት። ዓድዋ ላይ እኮ ካርካኖ ከተፈለሰፈ ዓመታት አልፈውታል፤ ነገር ግን ጣሊያኖች ለአብዛኛው ወታደራቸው ያስታጠቁት አሮጌውን ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ ነበር። የእኔው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ከኦስትሪያ ጋር ለሚዋጋ ወታደር የተሠራ ነው።

ጋሼ ወዲያው አላመኑም። «ቁጥሩን በኋላ መትተውበት ቢሆንስ?»

ክርክሩን ትቼ ማቀባበያውን ልፈታ ሞከርኩ። ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ! በቅባት አራስኩት፣ ነቀነቅኩት፣ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ጓደኛዬ መዶሻ አለ ወይ ብሎ ተነሳ። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እስቲ ልቀቁት» ብለው ተቀበሉን። ሰደፉን በጉልበታቸው መሀል ሻጥ አደረጉ፤ በግራ ጣታቸው ምላጩን ሳብ፣ በቀኝ እጃቸው ማቀባበያውን ወደ ኋላ፤ ሹልክ ብሎ ወጣ። የካርካኖ ብልሃቱ ይኸው ነው። ማቀባበያውን የሚያግደው ብረት ከምላጩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ምላጩ ሳይሳብ አይለቅም። ጋሼ ይህን ሲያደርጉ ወደ ጠመንጃው እንኳ አላዩም፤ ከባለቤቴ ጋር ስለ ቡናው እያወሩ ነበር።

«ማን አሳየዎት?» አልኳቸው።

«አባቴ ሲወለውል ማቀባበያውን አውጥቼ የምይዝለት እኔ ነበርኩ» አሉ።

ክርክራቸውን ዓመተ ምሕረቱ ውድቅ አደረገው፤ ስለ ጣታቸው ግን ማንም ቃል ሊተነፍስ አልቻለም።

ምርመራው ቀጠለ። ካርካኖ ጥይት የሚጎርሰው ስድስት ስድስት አድርጎ በቆርቆሮ ማቀፊያ ነው፤ ከነማቀፊያው ይገባል፤ የመጨረሻዋ ጥይት ስትጎረስ ባዶው ማቀፊያ በካዝናው ሥር ባለ ቀዳዳ ይወድቃል። በዚያ ቀዳዳ ታዲያ ስንት ነገር ገብቷል! በስቴኪኒ ስጎረጉረው ቀይ አፈር፣ የጭድ ስባሪ፣ አንድ የደረቀ ጥንዚዛም ወረደ። ባለቤቴ ጋዜጣውን ጠጋ ብላ አየችና «አፈሩ የአርሲ ከሆነ ለአበባዬ እፈልገዋለሁ» አለች። የጎጃም ነው፣ የወለጋ ነው ሲባል ቡናው ሦስተኛው ደረሰ።

በማግስቱ ወደ አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው ገና ሲያየው «ኬኔዲን የገደለው!» አለ። ለካ አሜሪካኖችም የራሳቸው ዓድዋ አላቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. ዳላስ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ በእርግጥ ካርካኖ ነው፤ ግን በ1940 እዚያው ቴርኒ የተሠራ አጭሩ ዓይነት እንጂ ይኼ ሎጋ አይደለም። ይህን ስነግረው እንደ ጋሼ ቅር አለው።

ሥራውን ግን ያውቃል። ሁለት የብረት መለኪያዎች አወጣ። ማቀባበያው በመጀመሪያው ላይ መዘጋት፣ በሁለተኛው ላይ እምቢ ማለት አለበት፤ በሁለተኛውም ከተዘጋ ጥይቱ ልል ቦታ ላይ ተቀምጧልና ቀለሁ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን አለፈ። ቀጥሎ በመብራት ውስጡን አየ። የካርካኖ ጠመዝማዛ ቦይ ከኋላ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ ይጠብቃል፤ የእኔው ኋላ ላይ በዝገት ተበልቷል፣ ፊት ላይ ደግሞ ተፍቆ አልቋል። የጥይት ጫፍ በአፈሙዙ ሲያስገባበት እስከ ቀለሁ ድረስ ዋጠው። «ይኼ በመተኮስ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በኩል የብረት ዘንግ እያስገቡ ሲፈትጉት ኖረዋል» አለኝ። የጋሼ አባት ትዝ አሉኝ፤ ጠመንጃ በእንክብካቤም ይጎዳል።

ብይኑ አጭር ነው፤ አይተኮስ፣ ይሰቀል። በሰደፉ ላይ የደረቀውን የላም ጠፍር ከጉዳቱ ተራ ጻፈው። አስመጪው ሕጉ ስለሚያስገድደው በደቃቁ የቀረጸው የድርጅቱ ስምም ዋጋ ይቀንሳል አለ። ከገዛሁበት ሃምሳ ዶላር ዝቅ አድርጎ ገመተልኝ፤ ለግምቱ ደግሞ አርባ ዶላር ተቀበለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ውጤቱን ሳቀርብ ድርድር ተጀመረ።

«እሺ፣ ዓድዋ ይቅር» አሉ ጋሼ። «የእነሱ 1917 በእኛ 1909 ነው፤ ዘውዲቱ የነገሡበት። ሰገሌስ?»

ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ በፈረንጁ ገና 1916። ጠመንጃው በጥቂት ወራት አመለጠው።

«ማይጨውስ?»

ማይጨውን ብረቱ አይከለክልም። በ1928 የመጣው የጣሊያን ወታደር ዋና መሣሪያው ይኸው ካርካኖ ነበር። አይመሰክርም እንጂ አይክድም።

ታክሲ ነጂው ጣልቃ ገባ፤ «በየትኛው ወገን?»

ጋሼ ሳያመነቱ «ሲመጣ በእነሱ፣ ሲያድር በእኛ!» አሉ።

በዚህ ተስማማን። እኔ የማረጋግጠው ቴርኒንና 1917ን ብቻ ነው፤ የቀረውን ጋሼ በየሳምንቱ ያሟሉታል። ባለፈው እሑድ ማራኪውም ስም ወጥቶላቸዋል፤ የጋሼ አጎት ናቸው።