የሚቆረጥ ሪባን፣ የሚሰካ ሪባን

አገራችን በሪባን አትታማም። አንደኛው ዓይነት በመቀስ የሚቆረጠው ነው፤ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ጣቢያ ሲከፈት፣ አንዳንዴም ያላለቀው እንዳለቀ ሲቆጠር ይወጣል። ሁለተኛው ነጩ ነው። በየዓመቱ ከኅዳር 16 ጀምሮ ለ16 ቀናት በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት ይብቃ ሲባል በኮት ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ ይሰካል። ቆራጩም ሰኪውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ኮቱም ያው ኮት። ከሁለቱም ሥነ ሥርዓት በኋላ ምሳ አለ። በምሳው መሃል "የአምናውስ የት ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ ሰርግ ቤት ገብቶ የሙሽራውን የቀድሞ ሚስት ስም እንደማንሳት ያለ ነውር።

ይህን ነውር የማያውቁ ሰዎች በዝተዋል። ባቡሩስ? ይላሉ። የተደፈረችዋስ? ይላሉ። እኔ ዛሬ ለባለሥልጣኖቻችን ጥብቅና ልቆም ተነሥቻለሁ። ማንም አልቀጠረኝም፤ የውሎ አበልም አልጠየቅሁም። ይህ ራሱ ለመድረክ የማልበቃ ሰው መሆኔን ያሳብቃል።

ከአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እንጀምር። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሃራ በታች የመጀመሪያው ተባለለት፤ ብንኮራም አይፈረድብንም። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ 41 ባቡር። ብዙ ዓመታት ሳይቆጠሩ ከ41ዱ የሚበዙት ቆሙ። ወቃሾች "ተበላሽተው ነው" ይላሉ። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! ዐርፈው ነው እንጂ። ባቡሩ መለዋወጫ ይፈልግ ነበር፤ መለዋወጫው ዶላር ይፈልግ ነበር፤ ዶላሩ ደግሞ አልነበረም። ባቡር የሚያህል ነገር የሚያልቅ ዕቃ እንዳለው አስቀድሞ ማን ሊያውቅ ይችላል? የላዳውን የፍሬን ሸራ በየጊዜው የሚያስቀይር የታክሲ ሾፌር ካልሆነ በቀር። እሱን ደግሞ ዕቅድ ሲዘጋጅ ማንም አልጠራውም።

የቀሩት ጥቂት ባቡሮች በበኩላቸው ሕዝቡን አቀራርበዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ስታዲየም ጣቢያ ቆማችሁ እዩ። ባቡሩ ሲመጣ በሩ የሚከፈተው የሰው ጀርባ ተደግፎበት ነው። "ውስጡ ባዶ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላል አንድ እግሩ ገና መሬት ላይ ያለ ሰውዬ። አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ክርኗን ወደ ውጭ ገፍታ ትገባለች። ሜክሲኮ ሳይደርሱ ባለቤቱ የማይታወቅ እጅ ይመጣል። ከጮኸች አንዱ ፊቱን ሳያዞር "ካልተመቸሽ ኮንትራት ታክሲ ያዢ" ይላታል፤ ሌላው ይስቃል፤ የቀረው ስልኩን ያያል። ዝም አይነቅዝም። ባቡሩ ልደታ ያደርሳታል፤ ፍርድ ቤቱም እዚያው ነው። ክሷ በየትኛው ፌርማታ እንደሚሳፈር ግን የሚነግራት የለም። ደፍራ ጣቢያ ብትሄድ (የፖሊሱን ማለቴ ነው) "ምስክር አለሽ?" ትባላለች። ሙሉ ፉርጎ ምስክር ነበራት፤ ሁሉም ጦር ኃይሎች ወርደዋል።

ወቃሾች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። መንግሥታችን በውጭ ገንዘብ ላይ ጥንቁቅ ነው። የካቲት 2001 የወጣውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አስታውሱ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ከ1987 ጀምሮ ለተደበደቡና ለተደፈሩ ሴቶች ያለ ክፍያ ጠበቃ ሲያቆም የኖረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብዛኛውን ሠራተኛውን ለመበተን ተገደደ፤ የተረፈው ሥራ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ወደቀ። ብልህ እርምጃ ነበር። በባዕድ ገንዘብ ጠበቃ የቆመላት ሴት ነገ ምን ልታደርግ እንደምትችል አይታወቅም። ልትረታ ትችላለች።

አዋጁ ሥራ ላይ እያለ ቀላል ባቡሩ መጣ። ከ475 ሚሊዮኑ ዶላር 85 በመቶው ከቻይናው ኤክዚም ባንክ የተበደርነው ነው። አሁን "10 በመቶዋ የት ገባች?" እንዳትሉኝ። ሐዲድ ብረት ነው፤ ብረት በባዕድ ገንዘብ ልቡ አይሸፍትም። ሴት ግን ጆሮ አላት፤ መብት አለሽ ሲሏት ትሰማለች። ስለዚህ ለብረቱ 85፣ ለእሷ 10 መባሉ የሂሳብ ስህተት ሳይሆን የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው። አልክድም፣ አዋጁ በ2011 ተሽሯል። በመካከል ባለፉት ዓመታት ጠበቃ አጥተው መዝገባቸው የተዘጋባቸውን ሴቶች ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። አዋጁን ሲያስፈጽም የነበረው ኤጀንሲም ስሙን ቀይሯል። የድሮውን ስም ይዞ ሄዶ ማንን ይጠይቁ?

ካሳ አናውቅም እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በአርብቶ አደሩ ምድር ያልፋል። ባቡሩ ግመል ሲገጭ ለባለቤቱ ካሳ ይከፈለዋል፤ ይገባዋልም። ጉዳዩ ግልጽ ነው። ግመሏ ወድቃለች፤ ሐዲዱ አለ፤ ባቡሩ "ራሷ ናት የመጣችብኝ" አይልም፤ ሽማግሌ ልኮም ግመሏን ላግባት አይልም። ሰው የሆነች እንደሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ከ1954 ጀምሮ የተሠራበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተበደለ ሰው በዚያው በወንጀሉ መዝገብ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ዋናውን ክርክር የሚያወሳስብ ወይም የሚያጓትት ከመሰለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እንዳይቀበለው ይፈቅዳል። ቢፈረድላትም ወንጀለኛው ባዶ እጁን ከሆነ ውሳኔውን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ትሰቅለዋለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል፤ "ከጋብቻ ውጭ" የምትል ነገር አክሎ። ደፋሪው ባሏ ከሆነ ሕጉ ፊቱን ያዞራል፤ የሰው ቤት ገመና ማየት አይወድም።

እኔን ከሁሉ የሚያስቀናኝ የባቡሩ መቶኛ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ባለው ጊዜ፣ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሊዘረጋ ነበር። ዕቅዱ ሲያልቅ ከአዲሶቹ አገር አቋራጭ መስመሮች አንዱም አልተመረቀም ነበር። ምን ይደረጋል? ሁለተኛ ዕቅድ ወጣ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያውን ደግሞ እዩት። የካቲት 2007 ግንባታው ተጀመረ፤ ሥራውን የያዘው የቱርኩ ያፒ መርኬዚ፣ ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ቀረው ከተባለ በኋላ ለዓመታት አንድ ነገር ብቻ ጠበቀ፤ ኤሌክትሪክ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህ ረቂቅ ነገር ነው፤ ለሁሉም ወዲያው አይገለጥም። ሲጠብቅ ሲጠብቅ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ንብረቱ ተዘረፈ። መቶኛው ግን አልተዘረፈም፤ ሪፖርት ውስጥ በሰላም አለ።

በዚያው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሴቶች ተደፈሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ትግራይን በጋራ መርምረው በጥቅምት 2014 ባወጡት ሪፖርት ከተፋላሚዎቹ በዚህ ነውር እጁ ንጹሕ ነው ያሉት ወገን አልነበረም። ታዲያ እነዚህን ሴቶች ለምን በባቡሩ ሪፖርት ዓይነት አንከታተላቸውም? ካርድ ማውጣት፣ 100 በመቶ። የፖሊስ ደብዳቤ፣ 60 በመቶ፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። የላብራቶሪ ምርመራ፣ ኬሚካል ሲገባ ይቀጥላል። መጠለያ፣ ማኅበራቱ ለጋሽ ካገኙ። እንቅልፍ፣ በበጀት ዓመቱ አልተያዘም። አጠቃላይ አፈጻጸም፣ አበረታች።

በአዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል የተከፈተው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ግን ይህን አሠራር ሊያበላሽብን ይችላል። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የተጎዳችውን ይቀበላሉ። እሷ አትዞርም፤ እነሱ ይመጡላታል። አደገኛ ሐሳብ ነው፤ ዙረቱ ከቀረ "ነገ ተመለሺ" የሚለውን ሥራ ማን ይሠራዋል? በሌሎች ከተሞችም መከፈቱን ሰምቼ ደንግጬ ነበር። ደግነቱ ገጠሩ ሰፊ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከቆላ ቀበሌ ተነሥታ፣ ቤተ ዘመዱ "በሽምግልና ይለቅ" ብሎ አንድ ቀን አውሎ አንድ ቀን አሳድሯት፣ መኪና ለምና ከተማ እስክትገባ ሰዓቱ ያልቃል። በጦርነቱ ጊዜማ ጤና ጣቢያው ራሱ አልጋና መድኃኒቱ ተጭኖ ሄዷል። እዚህ ላይ የታወቀው ድርድራችን አልሠራም። የጅቡቲው ባቡር ብድር ሲከብደን በ2010 መጨረሻ ቤጂንግ ድረስ ሄደን የመክፈያ ጊዜውን ከ10 ዓመት ወደ 30 አስረዝመን መጥተናል። ለ72ቱ ሰዓት ግን የሚለመን አበዳሪ አልተገኘም።

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የለም እንዴ የሚል ይኖራል። አለ። ሚያዝያ 2016 ጸድቋል፤ ለተጎጂዎች ካሳም በውስጡ ተጽፏል። ስለዚህ የሚቀረው አፈጻጸም ብቻ ነው፤ ለኮምቦልቻው ባቡርም የቀረው ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር።

የውሳኔ ሐሳቤን ላቅርብ። ባቡሩንና ሴቶቹን በአንድነት የሚከታተል የጋራ ቴክኒክ ኮሚቴ ይቋቋም። ወጪ ይቆጥባል፤ አንድ ባነር፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ የሻይ ዕረፍት ለሁለት ጉዳይ ይበቃል። ሰብሳቢው ከመሠረተ ልማቱ ወገን ይሁን፤ ከሴቶች ጉዳይ የምትወከለዋ ቃለ ጉባኤ ትያዝ፤ መቼም ጽሑፏ ያምራል። ከተጎጂዎቹ አንዷ ትጋበዝ የሚል ቢነሣ ለመክፈቻው ሻማ እንድታበራ ይፈቀድላት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቴክኒካዊ ስለሆነ እንዳትደክም መኪና ይመደብላት። ኮሚቴው ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም፤ ከባቡሮቹ ነው የቀዳሁት።