ቀጭ!

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው የሚደርስበትን ታውቁታላችሁ። በረዶ ሲጠረግ ይላክለታል። አይቶት የማያውቀው ሕፃን የልደት ኬክ ሲቆርስ ይላክለታል። አዲስ የተገዛ የሣር ማጨጃ ሲነሳ ይላክለታል። እኔ ይህን ሁሉ ችዬ፣ ለእያንዳንዱ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያልኩ ኖሬአለሁ። አላስችል ያለኝ የጠመንጃ ካዝና ነው።

የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ ገብቶ አዳኝ ሆኗል። ሸዋ ሮቢት ሳለ በግ ሲታረድ ጓሮ የሚደበቅ ልጅ ነበር፤ አሁን ፈቃድ አውጥቶ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ አጋዘን ፍለጋ ተራራ ይወጣል። አገሩ የሰጠው ጠባይ ነው፤ አልፈርድም። ጠመንጃው ረሚንግተን 700 ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥይት መቀባበያው ወደ ኋላ እየተሳበ ወደ ፊት የሚገፋ፣ በፈረንጆች ከ1962 ጀምሮ ከአዳኝ ቤት ያልጠፋ። የእሱኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጥይት ከላይ ይገባለታል፣ ሆዱ ውስጥ ይቀመጥለታል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ልጁ ግን ጣጣ አማረው። እንደ ክላሽ ከሥር የምትገባ፣ ከሥር የምትነቀል ካዝና ፈለገ። ከጠመንጃው ጋር ያልመጣችን ካዝና ለብቻዋ ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ እዚያ አገር ሞልተዋል። ገዛ። ሞከራት። ሌላ ገዛ።

ቪዲዮው ላይ ፊቱ አይታይም። የሚታየው እጁ፣ ጠመንጃውና ካዝናዋ ናቸው። ያስገባታል፤ «ቀጭ» ትላለች። ይነቅላታል። ያስገባታል፤ «ቀጭ»። «ሰማሃት?» ይለኛል። ከዚያ ሌላዋን ያነሳል፤ ይቺኛዋ «ቀጭ» ሳይሆን «ቅጭ» ነው የምትለው። ልዩነቱን ሰማህ ወይ ነው ጥያቄው። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር እያማሰለ፣ ላብ በላብ ሆኜ የቀጭንና የቅጭን ልዩነት አዳምጣለሁ።

ሳልወድ በግዴ ተምሬአለሁ። አንዷ ከሚገባት በታች ወርዳ ትቀመጥና መቀባበያው ጥይቱን ሳይነካ በላዩ ያልፋል፤ አዳኙ ምላጭ ሲስብ አጋዘኑ የሚሰማው ባዶ ብረት ነው። ሌላዋ ከንፈሯ ጠብቦ የያዘችውን አልለቅም ትላለች። ሌላዋ ከንፈሯ ሰፍቶ ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ትተፋለች። አሁን የያዛት ደግሞ ሁሉ ነገሯ ደኅና ሆኖ በእግር ሲሄዱ ትንቀጫቀጫለች። ለዚህም መላ አላጣም፤ ጎኗ ላይ ፕላስተር ለጥፎባታል። ስለ ፕላስተሩ ብቻ የሚያወራ ሙሉ ቪዲዮ ስልኬ ውስጥ አለ። ዋጋዋን ሲነግረኝ እንደ ማንኛውም የወረዳችን የቀወት ሰው በልቤ በምንሸጠው ማሾ መነዘርኩት፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለእኔ ብቻ ቢልክ ይሁን ነበር። የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። አጎቴ አየው። አጎቴ ደግሞ ምንሽር አለው።

ምንሽር የሚባለው ዓይነቱ ብዙ ነው። የአጎቴ የጣሊያኑ ካርካኖ ነው፤ የ1891 ሞዴል፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። ከአባቱ ወረሰው፤ አባቱ ከአንድ ጣሊያን ወረሰው፤ ጣሊያኑ ወዶ ያወረሰው አይመስለኝም። ይህ ጠመንጃ ስድስት ጥይት አንድ ላይ ያቀፈች ቀጭን ቆርቆሮ አለችው። ቆርቆሮዋ ከነጥይቶቿ ከላይ ትገባለች። የመጨረሻዋ ጥይት ስትጎረስ ባዶዋ ቆርቆሮ በሆዱ ቀዳዳ ሾልካ መሬት ትወድቃለች። ለሠሪው ብልኃት ነው፤ የጣሊያን ወታደር ጥሏት ይሄዳል፣ መንግሥቱ ሌላ ይሰጠዋል። የይፋት ገበሬ ግን ማን ይሰጠዋል? ማሽላ ውስጥ በጨለማ ተንበርክኮ ይዳብሳል። አጎቴ ያለችው አንዲት ቆርቆሮ ስለሆነች መላ መታ፤ በክር ከጠመንጃው ጋር አሰራት። ስትወድቅ አትጠፋም፤ ከሆዱ በታች ትንጠለጠላለች።

አጎቴ የዚህችን ፎቶ እዚያው ቴሌግራም ላይ ለቀቀ፤ የአክስቴ ልጅ አይቶ ሳቀ። የሳቀ ፊት ላከ፤ አምስት ጊዜ። እኔ ግን ሳቁ ገረመኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰረው አጎቴ ብቻ ነው እንዴ?

ተነቃይዋን ካዝና በባለቤትነት ያስመዘገበው ጄምስ ፓሪስ ሊ ነው፤ ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ሰው፣ በፈረንጆች 1879። እንግሊዞች የእሱን ሥራ ተቀብለው በ1888 ሊ ሜትፎርድን ለሠራዊታቸው ሲያድሉ ካዝናዋን ምን አደረጓት? በሰንሰለት ከጠመንጃው ጋር አሰሯት። ተነቃይ ናት፤ ግን የትም አትሄድም። ያም አልበቃቸውም፤ የካዝናዋን አፍ የሚዘጋ ስስ ብረት ጨመሩበት፤ ወታደሩ በእጁ አንድ አንድ እያጎረሰ ይተኩስ፣ የካዝናው ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብለው። ይህን ለአጎቴ ስነግረው «እንግሊዝ ቁም ነገረኛ ነው» አለኝ። ከዚያ በፊት ስለ እንግሊዝ ደግ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጣሊያኖች ደግሞ የባሱ ናቸው። ቬተርሊ የሚባል የ1870 ጠመንጃ ነበራቸው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። በ1887 ቪታሊ የሚባል መኮንናቸው ሆዱን ከፈተና አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ገጠመበት። ልብ በሉ፣ ይህ የአክስቴ ልጅ ሥራ ነው፤ በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ያልነበረ ካዝና መለጠፍ። ጥይቶቹን የያዘው ማቀፊያ አናቱ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ላይ ገመድ አለ። ወታደሩ ማቀፊያውን ከላይ ይጫነዋል፣ ጥይቶቹ ወደ ሆድ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ገመዱን ይዞ ባዶውን ማቀፊያ ይመዛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፉት ይህን ይዘው ነው። እስቲ አስቡት፤ የሰው አገር ተራራ ላይ ቆሞ እሱ ገመድ ሲመዝ ከፊት ለፊቱ ያለው ጎራዴ ይመዛል።

በዚያው በፈረንጆች 1887፣ ቪታሊ ሣጥኑን ሲገጥም፣ በእኛ ሰፈር ምን ይደረግ ነበር? ያኔ የሸዋ የመሣሪያ በር በእኛ በኩል ነው። ከታጁራ ወደብ የተነሳ ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይፋት ውስጥ ፋሬ ይገባል፤ ከዚያ ጭነቱ ወደ አንኮበር ይወጣል። በዚህ መንገድ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ራምቦ ነበር። ጠመንጃ ይዞ የሚሮጠው የፊልሙ ራምቦ አይደለም፤ ጠመንጃ ጭኖ በግመል የሚሄደው የፈረንሳዩ ገጣሚ አርቱር ራምቦ ነው። ግጥም ገና በወጣትነቱ አስጠልቶት ትቶ፣ በ32 ዓመቱ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ምን ዓይነት ጠመንጃ? ካዝና ቀርቶ የራሷ ቀለህ ያላት ጥይት እንኳ የማይጎርስ፣ በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጠቀጠቅለት፣ በራሱ በራምቦ አባባል አውሮፓ ከጣለው አርባ ዓመት የሆነው። ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጣውን እዚህ በአርባ ይሸጣል ተብሎ ነው የመጣው። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አልደበቀም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይጣፍጣል። ታጁራ ላይ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት አለፉ። ሸሪኩ ላባቱ ታመመና ሞተ። በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ይዘው እየተመለሱ ነው። እንጦጦ ሄዶ አገኛቸው። ምኒልክ ሸቀጡን አይተው ዋጋውን ቀነሱ። ላባቱ ዕዳ ነበረበት ብለው ደግሞ ቀነሱ። ይህን የሰማ የሸዋ ሰው ሁሉ «ለእኔም ነበረበት» እያለ መጣ። የቀረችውን ሒሳብ ደግሞ ሐረር ወርደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል ተባለ። ግጥሙ ላይ ቢቆይ ይሻለው ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የአፋርን በረሃ በግመል የተሻገረ ሰው የቤት ኪራይ ከሚለምን ገጣሚ ያነሰ አይመስለኝም። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ነገሬ ስመለስ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሊ ካዝናዋን ያስመዘገበው በእነሱ 1879 ነው። ራምቦ ካዝና የሌለውን ጠመንጃ ፋሬ ያስገባው በእኛ 1879 ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ዘመኑ ስምንት ዓመት ይለያያል፣ ጠመንጃው ግን መቶ ዓመት የሚለያይ ይመስላል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አዲስ ቪዲዮ ነው፤ ቀጭ።

በቀደም ደወለ። «ለጋሼ ምንሽር የምትሆን ካዝና አገኛለሁ፤ ካልተገኘችም የሚሠራ ሰው አለኝ። በክር ያሰራትን ነገር ይጣላት። በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ትንሽ ብረት ናት፤ ካልሲ ውስጥ ትገባለች። አንተ ቦሌ ሄደህ ትቀበላለህ።»

ትንሽ ብረት!

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። አንደኛ፣ አገሩ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል የጦር መሣሪያ አዋጅ አለ፤ የጠመንጃ ነገር በካልሲ የሚገባበት አገር አይደለም። ያንተ ካልሲ ሲፈተሽ አንተ ዴንቨር ነህ፤ የሚያላብሰው እኔንና ያን ሻንጣ የተሸከመውን ምስኪን ነው። የመኪና ፍጥነት በአንድ ማይል እንዳያልፍ የምትጨነቅ ሰው፣ አውሮፕላኑ ወደዚህ ሲዞር ሕግ የሚባል ነገር የሚጠፋብህ ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ያንተ «ቀጭ» ጨዋታ ናት። ስትሰለችህ ታስቀምጣታለህ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደጅ ሲገባ፣ እዚህ የነበረ ሰው ሌሊት ከአጥር ውጭ «ቀጭ» የምትል ነገር ሲሰማ የትኛዋ ፋብሪካ ሠራት ብሎ አልጠየቀም። ልጆቹን ከአልጋ በታች አስገባ። እናቶች እስካሁን የበር መቀርቀሪያ ሲጮህ ይደነግጣሉ። አንተ ግን በየሌሊቱ ያንን ድምፅ ትልክና «ሰማሃት?» ትለኛለህ። አዎ፣ ሰምቻታለሁ። ካንተ በፊት ሰምቻታለሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ አልተቋረጠም። «እሺ፣ አልልክም» አለ፤ ድምፁም ያ በግ ሲታረድ ጓሮ የሚደበቀው ልጅ ድምፅ ሆነ። ሳይቀየመኝ ፎቶ ላከ፤ ቪዲዮ ሳይሆን ፎቶ። አጋዘን ጥሎ ጥብስ ሠርቷል፤ በሚጥሚጣና በሮዝመሪ። በመጀመሪያዋ ጥይት እንደጣለው ጻፈልኝ። ታዲያ የተቀሩት ካዝናዋ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ጥብሱ ያምር ነበር።

አጎቴን «ጋሼ፣ ካዝና ላምጣልዎት ብሎ ነበር» አልኩት። ቆርቆሮዋን ከነክሯ እያገላበጠ፣ «ይቺ ራሷ ከጣሊያን ወዲህ ሞልታ አታውቅም» አለኝ። ስድስት የሚሞላ ጥይት አግኝቶ አያውቅም። የካርካኖ ጥይት ከየት ይመጣል? ያሉትንም እየቆጠረ ነው የሚያድረው። አንዱን ባለፈው ዓመት ከርከሮ ላይ ተኩሶ ስቶ፣ እስካሁን ከርከሮው ሲነሳበት ፊቱ ይጠቁራል።

ዘንድሮ ደግሞ ችግሩ ከርከሮም አይደለም፤ ግሪሳ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ሰማይ ጠቁሮ ይመጣል፤ ምድር ሲነካ ፍሬው አልቋል። ግሪሳን በምንሽር የመታ ሰው የለም፤ በክላሽም የለም፤ ካዝናው ሠላሳ ቢይዝ ወፉ ስንት ሺህ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ጅራፍ የሚያጮህና ወንጭፍ የሚወነጭፍ ልጅ ነው የሚያስፈልገው። ድሮ እንዲህ ያለ ልጅ በየቤቱ ነበር፤ አሁን ሁሉም ባጃጅ ይነዳል። የአጎቴ ማማ ባዶዋን ቆማለች። ቀወት አካባቢ ወንጭፍ የሚያውቅ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ላኩልን፤ ምሳና እሸት አለ፣ ወንጭፉን ግን ይዞ ይምጣ።