የጋራ እሳት ማጥፊያ

ባሮ ዳር ያረጀ መኪና ምርመራ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥገና የሚደረገው በምላስ ነው። «የእጅ ፍሬን አይዝም» ቢባል ባለቤቱ ይስቃል፤ ጋምቤላ ሜዳ ናት፣ ምን ይይዛል? እውነቱን ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተንጣለለችው። ይኸው ሰው ግን በማግስቱ ጭነቱን ቆልሎ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ጎሬ ይወጣል። መውጣቱስ ደግ፤ መውረድም አለ።

ማንጎ ጥላ ሥር መካኒኩ ጎማውን ይፈታል።

«ጋሼ፣ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው።»

«ይፋጭ፤ ክላክሱም አይሠራም፣ ሰው በድምፁ ይሸሻል።»

እሳት ማጥፊያውና ትርፍ ጎማው የሰፈር ናቸው። ከመኪና ወደ መኪና በውሰት እየዞሩ በአንድ ጠዋት ስንቱን ባለ ቦሎ ያደርጋሉ! እስካሁን ምርመራ ወድቀው አያውቁም። እሳት የተነሳ ዕለት የማን ተራ እንደሆነ ግን የተነገረ ነገር የለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ አሮጌ መኪና ይወረሳል እንጂ አይጣልም። ልጅ አባቱን ከነፍሬኑ ይተካል።

ከእነዚህ ባለመኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ የጥንቶቹ የባሮ የእንፋሎት መርከቦች የዋሆች ነበሩ። ከካርቱም ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር፤ በበጋ ውሃው አያሳልፍም ከተባለ አይመጡም ነበር። ከወንዙ ጋር የሚደራደርላቸው ደላላ አልነበረማ።